የዱሮ ቮልስን በአነስተኛ ወጪ ከጩኸት ማሳረፍ፦ ከባዶ ላሜራ እስከ ሞኬት

ዛሬም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ከምናያቸው ቮልሶች አብዛኞቹ ከፋብሪካ ከወጡ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል። ሞተራቸው በአግባቡ ከተያዘ አሁንም ጤነኛ ነው፤ አካላቸውም በቀላሉ ይጠገናል። ባለቤቱን የሚያደክመው ጩኸቱ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል በቮልስ የተጓዘ ሰው ከመኪናው ከወረደ በኋላም የሞተሩ ድምፅ ከጆሮው ቶሎ አይወጣም። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ በሌሎች መኪኖች ሲሊንደሮቹን ከብቦ ድምፃቸውን የሚያፍነው ውኃ የለውም፤ የማቀዝቀዣው ፋንም በቺንጊያ ተስቦ ከሞተሩ ዙር ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ይሽከረከራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለው አንድ የላሜራ ግድግዳ ማዶ ነው።

ይህን ጩኸት ጉልህ በሆነ መጠን ለመቀነስ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በዚህ ሥራ ገንዘብ ሲባክን በብዛት ያየሁት አንድ ውድ ዕቃ ተገዝቶ መኪናው ከዳር እስከ ዳር ሲለበጥበት ነው። ጩኸት በተለያየ መንገድ ይገባል፤ ለእያንዳንዱ መንገድ የሚሠራው ዕቃ የተለያየ ነው፤ የአንዱን መድኃኒት ለሌላው የሰጠ ሰው ከፍሎም አያርፍም። ከዚህ በታች የምገልጸው አሠራር የተጻፈው ለቮልስ ቢሆንም፣ ከባትሪው ቦታና ከሞተሩ አቀማመጥ በስተቀር ለፊያት 600ም ሆነ ለላዳ ያገለግላል።

ጩኸቱ የሚገባባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው የላሜራው የራሱ ንዝረት ነው። የወለሉ፣ የበሩና የጣሪያው ሰፋፊ ላሜራ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስለሆነ ሞተሩና መንገዱ በነቀነቁት ቁጥር ራሱ ድምፅ ያወጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከላሜራው ጋር ሙሉ በሙሉ ተጣብቆ ንዝረቱን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ለስላሳና ከባድ ነገር ነው፤ ይህን ማፈኛ እለዋለሁ። ሁለተኛው መንገድ ቀዳዳ ነው። ያረጀ የበር ጎማ፣ ሽቦ የሚያልፍበት ክፍት ጉድጓድ፣ የጠፋ የጎማ ክዳን ሁሉ ድምፅን ከነጉልበቱ ያስገባሉ። ከአንድ ግድግዳ ስፋት መቶኛው ክፍል ብቻ ክፍት ቢሆን፣ የቀረው ግድግዳ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ጠቅላላው ቅነሳ ከ20 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ሊበልጥ አይችልም። ሦስተኛው በላሜራው በኩል ዘልቆ የሚገባውና ከገባ በኋላም በመስታወቱና በጣሪያው መካከል እየተንጸባረቀ የሚቆየው ድምፅ ነው፤ ዘልቆ የሚገባውን ክብደት ያግደዋል፣ የሚንጸባረቀውን ደግሞ እንደ ሱፍ ያለ ቀዳዳማ ነገር ይመጠዋል።

ቀዳዳማ ዕቃ ምን ሊያደርግ እንደሚችልና እንደማይችል በቁጥር ማየት ብዙ ወጪ ያድናል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲሽከረከር በሴኮንድ 100 ጊዜ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ዋናው የጉምጉምታ ድምፁ 100 ኸርዝ ገደማ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የዚህ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ይሆናል። ሱፍም ሆነ ስፖንጅ ድምፅን በደንብ የሚመጠው ውፍረቱ ወደ ሞገዱ ሩብ ሲጠጋ ነው፤ ለዚህ ጉምጉምታ ይህ ማለት 85 ሴንቲ ሜትር ነው። በሌላ በኩል የፋኑ ፉጨትና የነፋሱ ሹክሹክታ ወደሚገኝበት ወደ 4000 ኸርዝ ስንሄድ ሩቡ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሱፍ ፉጨቱን ያስቀርልዎታል፤ ጉምጉምታውን ግን አይነካውም። የእንቁላል ካርቶን ለጥፈው ጸጥታ የሚጠብቁ ሰዎች የሚያዝኑትም ስለዚህ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

መጀመሪያ ይለኩ። በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ፍጹም ትክክል ባይሆንም ለማነጻጸር ይበቃል። አንድ ጸጥ ያለ አስፋልት ይምረጡ፤ መስኮቶቹን ዘግተው በሦስተኛ ማርሽ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይንዱ፤ ስልኩን ረዳትዎ በሾፌሩ ጆሮ ከፍታ ይያዝልዎትና ቁጥሩን ይጻፍ። ከዚያ በኮብልስቶን መንገድ ላይ በዝግታ ይንዱ፤ ኮብልስቶን የላላን ነገር ሁሉ ስለሚያናግር ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም። ረዳትዎ የበሩን ሽፋን፣ የጓንት ሳጥኑን፣ የኋላ ወንበሩን ጀርባ በየተራ በእጁ ሲጫን የትኛው ሲያዝ ድምፁ እንደሚጠፋ ያዳምጡና ቦታውን ምልክት ያድርጉ።

ቀጥሎ የበሩን ጎማ ይፈትሹ። ቮልስ ከመጀመሪያውም አየር የማያሾልክ መኪና በመሆኑ የታወቀ ነው፤ ጎማዎቹ ደህና ከሆኑና መስኮቶቹ በሙሉ ከተዘጉ የመጨረሻው በር አየሩ እየገፋው አልዘጋ ይላል። በርዎ ያለምንም መታገል ግጥም ካለ አየሩ መውጫ አግኝቷል ማለት ነው። ወረቀት በበሩ መካከል አስገብተው ዘግተው ይሳቡት፤ ያለ ተቃውሞ የሚወጣበት ቦታ ጎማው አልቋል። ማታ ደግሞ የኋላ ወንበሩን አንስተው በሞተሩ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ያብሩና ብርሃን የሚታይባቸውን ቀዳዳዎች ከውስጥ ይቁጠሩ። ከዚያው ጋር የማርሚታውን መገጣጠሚያዎች፣ በፓራፋንጎና በአካሉ መካከል የሚገባውን የጎማ ጥብጣብ፣ የመወጣጫውን ብሎኖች፣ የሞተሩን ክፍል ዙሪያውን የሚዘጋውን ጎማ ይመልከቱ። እነዚህ ሳይስተካከሉ ማፈኛ መለጠፍ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ ማስቀመጥ ነው። ሁለት እኩል የጩኸት ምንጮች ካሉና አንዱን ፈጽመው ቢያጠፉት ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ መሆኑን ያስታውሱ፤ የመጀመሪያው ጥገና ብዙም ለውጥ ካላመጣ ተስፋ አይቁረጡ፤ የሚቀጥለው ጥገና ነው ውጤቱን የሚያሰማዎት።

የትኛው ዕቃ ለየትኛው ሥራ

ለማፈኛነት የሚመረጠው በአሉሚኒየም የተሸፈነና በራሱ የሚጣበቅ የቡታይል ጎማ ሉህ ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ ላሜራው ሲነዝር ከላይ ያለው አሉሚኒየም መለጠጥን ስለሚቃወም መካከል ላይ ያለው ለስላሳ ጎማ ይታሻል፤ መታሸቱም ንዝረቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ የአሉሚኒየሙ ውፍረት ዋጋ አለው፤ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይፈልጉ። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ሉህ በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 3.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዱባይ ዘመድ ያለው ሰው ሁለት ካሬ ሜትር ቢያስመጣ ክብደቱ ከ7 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ በኋላ እንደማሳየው ይህ መጠን ከሚታሰበው በላይ ይሄዳል።

ሉሁን ማግኘት ለማይችል ወይም ለመክፈል ለማይፈልግ ሰው የምመክረው ምትክ በእጃችን ያለ ነው። አየሩን የሚይዘው የጎማ ከመነዳሪ በብዛት የሚሠራው ከዚያው ከቡታይል ጎማ ነው፤ ቡታይል ለዚህ የተመረጠው አየር ስለማያሾልክ ነው። ከጎማ ጠጋኞች ዘንድ መጠገን ያቃተው የከባድ መኪና ከመነዳሪ በትንሽ ዋጋ ይገኛል። ከላይ የሚለበጠው አሉሚኒየም ደግሞ ከኦፍሴት ማተሚያ ቤቶች ይገኛል፤ አገልግሎት ጨርሰው ለቁርጥራጭ የሚሸጡት የማተሚያ ፕሌቶች ከ0.15 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የአሉሚኒየም ሉሆች ናቸው። የከመነዳሪ ጎማ የበሰለ ጎማ ስለሆነ እንደ ፋብሪካው ሉህ ለስላሳ አይደለም፤ ንዝረትን የማፈን ኃይሉም ከእርሱ ያንሳል። ሆኖም በጥሩ ማስቲሽ ሙሉ በሙሉ ከተጣበቀና ፕሌቱ ከላዩ ከተለበጠበት እንደ ቆርቆሮ ይንቋቋ የነበረውን ወለል ድፍን ድምፅ እንዲሰጥ ያደርገዋል። የወጥ ቤት ፎይል በፕሌቱ ፋንታ አይሆንም፤ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር መቶኛ ብዙም አይርቅምና መለጠጥን የሚቃወምበት አቅም የለውም።

ሬንጅ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። ለቤት ጣሪያ ውኃ መከላከያ የሚሸጠው የሬንጅ ሉህ ርካሽና ከባድ በመሆኑ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፤ እኔም በመጀመሪያ የሠራሁት በእርሱ ነበር። በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ሲመታ ግን የላሜራው ሙቀት ወለሉ ላይ ሳይሆን በሩና ጣሪያው ላይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ የለጠፍኩት የበር ሬንጅ በሁለተኛው በጋ ወደ ታች ወርዶ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ደፈናቸው፤ ሽታውም ከመኪናው ሳይወጣ ወራት ቆየ። ሬንጅ መጠቀም የግድ ከሆነ ወለሉ ላይ ብቻ ይሁን። ከመግዛትዎ በፊትም አንድ መዳፍ የምታህል ቁራጭ በቆመ ቆርቆሮ ላይ ለጥፈው ለአንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ ያቁሙት፤ ከተንሸራተተ ወይም ከሸተተ ይተዉት።

ለማገጃነት የሚያስፈልገው ክብደትና ልስላሴ ነው። በሜትር የሚሸጥ ድፍን የጎማ ምንጣፍ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው በካሬ ሜትር ወደ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ውጭ አገር ለዚሁ ሥራ የሚሸጠው ከባድ የቪኒል ሉህም ተመሳሳይ ክብደት ነው ያለው። ነገር ግን አንድ ሚሊ ሜትር ብረት ራሱ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ፣ ክብደትን እጥፍ ማድረግ የሚያስገኘውም ቢበዛ 6 ዴሲቤል ስለሆነ፣ ጎማውን በቀጥታ ላሜራው ላይ መጣል ብዙ አያተርፍም። በጎማውና በላሜራው መካከል ለስላሳ ፎም ሲገባ ግን ሁለቱ የተለያዩ ግድግዳዎች ይሆናሉ፤ ከፍ ባሉት ድምፆች ላይ ውጤቱ ከክብደቱ በላይ ነው። ፎሙ ውኃ የማይመጥ ዓይነት መሆን አለበት፤ ለስፖርት መሥሪያ የሚነጠፈው ወይም ልጆች የሚጫወቱበት ተገጣጣሚ ምንጣፍ ከዚህ ዓይነት ነው። በጥፍርዎ ቆንጥረው ውኃ ውስጥ ነክረው ጭመቁት፤ ውኃ ከወጣው ተራ ስፖንጅ ነው፤ ወለል ላይ አይገባም።

ለመምጠጫነት ሱፍን የሚያህል የለም። የመንዝ ባና ወይም ያረጀ የሱፍ ብርድ ልብስ ካለዎት ከማንኛውም ስፖንጅ ይሻላል፤ ሱፍ በቀላሉ እሳት አይይዝም፣ የፍራሽ ስፖንጅ ግን ከተቀጣጠለ በፍጥነት ይነድዳል፤ ጭሱም መርዛማ ነው። የሱፍ ጠላቶች ብልና እርጥበት ናቸው፤ ስለዚህ አጥበው፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቀው፣ ከወለሉ ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ብቻ ይጠቀሙበት። ከኬሻ የሚሠራው ንጣፍም ድምፅን ይመጥጣል፤ ግን ውኃ አንድ ጊዜ ከጠጣ አይለቅም፤ የብዙ ቮልሶችን ወለል የበላውም ከሞኬቱ ሥር የረጠበ ንጣፍ ነው።

ማራገፍና ላሜራውን ማዘጋጀት

ይህ ሥራ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ ሁለት ቀን ቢወስድም አይቸኩሉ። ወሩን ይምረጡ፦ ክረምቱ ሳይወጣ ወይም በቧንቧ ውኃ እየረጩ የሚያፈሱትን ቦታዎች ይለዩ፤ ልባጩን ግን ከጥቅምት በኋላ ላሜራው ደረቅ በሆነበት ጊዜ ይጀምሩ።

መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ያላቅቁ። በቮልስ ባትሪው የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ወንበሩን ሲያነሱ የወንበሩን ሞላ ከባትሪው ምሰሶ ጋር ያለውን ርቀት ይመልከቱ፤ ክዳኑ የጠፋ ባትሪ ላይ ወፍራም ሰው ሲቀመጥ ሞላው ምሰሶዎቹን ነክቶ የወንበሩን ሙሊት ያቀጣጠለባቸው ቮልሶች ጥቂት አይደሉም። የፊት ወንበሮቹን በሐዲዳቸው ላይ ወደ ኋላ ስበው ያውጡ፤ ሞኬቱንና የቆየውን ንጣፍ ያንሱ፤ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ብሎኖቹን በየቦታቸው ስም በተጻፈበት ፌስታል ያስቀምጡ።

የቆየው የፋብሪካ ሬንጅ ከላሜራው ጋር አንድ ሆኖ ካልተሰነጠቀ ይተዉት፤ ሥራውን እየሠራ ነው። የተነሳውን ግን ያስወግዱ፤ ከሥሩ ዝገት አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ብርዱ ሬንጁን ስለሚያደርቀው በመሮና በመዶሻ ሲመቱት እንደ ሸክላ ይሰበራል፤ ከሰዓት በኋላ ይህን ቢሞክሩ እንደ ማስቲካ ይከተልዎታል። በዚያ ዘመን የተሠራ ልባጭ የአስቤስቶስ ክር ሊኖርበት ስለሚችል ውኃ እየረጩ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይሥሩ እንጂ በደረቁ በማሽን አይፍጩት።

ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ይጫኑት። የሚበሳ ቦታ ካለ ብየዳው አሁን ይሠራ፤ ከተለበጠ በኋላ የሚደረግ ብየዳ ማስቲሹንና ፎሙን ያቀጣጥላል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው ጸረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ ቀለሙ እስኪጠና ጥቂት ቀናት ይጠብቁ። በመጨረሻ ቅባቱን በአልኮል በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። በዝገት ወይም በቅባት ላይ የተለጠፈ ምርጥ ሉህ በንጹሕ ብረት ላይ ከተለጠፈ ከመነዳሪ ያንሳል።

ቀዳዳዎቹንም አሁኑኑ ይዝጉ። ሽቦና ገመድ የሚያልፍባቸው ላይ አዲስ የጎማ ቀለበት ያስገቡ፤ ትናንሾቹን ሥራ የሌላቸውን በሲሊኮን ይድፈኑ። ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚወስዱትን ሁሉ መዝጋት ከጩኸቱ ሌላ የተቃጠለ ጋዝ እንዳይገባ ስለሚከላከል ለጤናም ነው። ከታች ለውኃ መውጫ የተተዉትን ግን አይንኩ። በመኪናው ግራና ቀኝ ከበሩ ሥር የሚሄደው ቦይ ሙቀት ማስተላለፊያ ነው፤ የሚያብጥ ፎም እንዳይነፉበት እለምናለሁ፤ ውኃ ይዞ ከውስጥ ይበላዋል፤ እርሱ ከተበላ ደግሞ የመኪናው አካል የሚያርፍበት የለውም።

የመጀመሪያው ሽፋን፦ ማፈኛው

ላሜራውን በጣትዎ አንጓ እያንኳኩ ይዳስሱ። ጠርዝ አካባቢና የተቆለመመ ቦታ ላይ ድምፁ አጭርና ድፍን ነው፤ በሰፊው ሜዳ መካከል ግን ይጮኻል። ማፈኛው የሚያስፈልገው በሚጮኸው ቦታ መካከል ነው፤ ከአንድ ሜዳ ሩቡን መሸፈን ከሚገኘው ጥቅም አብዛኛውን ያስገኛል፤ ከሩብ አልፎ እስከ ግማሽ መሄድ ትንሽ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚለጠፈው ክብደት ብቻ ነው። ሁለት ካሬ ሜትር ለአንድ ቮልስ ይበቃል ያልኩት ስለዚህ ነው።

ቅርጹን በካርቶን ቆርጠው ይለኩ። የፋብሪካ ሉህ ከሆነ ላሜራውንም ሉሁንም በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርገው፣ ወረቀቱን በጥቂቱ እየላጡ፣ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው እየተጫኑ ይለጥፉ። ለመዳመጥ ልዩ ሮለር መግዛት አያስፈልግም፤ ጠንካራ የሊጥ መዳመጫ ሥራውን ይሠራል። አየር የቋጠረ ቦታ ካለ በመርፌ ወግተው ይጫኑት።

ከመነዳሪ ከሆነ በመጀመሪያ የውስጡን ዱቄት በሳሙና አጥበው ያድርቁ፤ የሚጣበቀውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩ። ሙቀት የሚችል ማስቲሽ በሁለቱም ፊት ላይ በስሱ ቀብተው ጣት ሲነካው እስከማይስብ ድረስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ጎማውም ብረቱም አየር ስለማያስወጡ ሳይደርቅ ከተጣበቀ ጋዙ ታፍኖ ያስነሳዋል። ከዚያ ፕሌቱን በተመሳሳይ መንገድ ከላይ ይለብጡ፤ ማዕዘኖቹን አጥፈው ይቁረጡ፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። የማስቲሽ ጋዝ የሚያዞርና በቀላሉ የሚቀጣጠል ስለሆነ ሁለቱም በሮች ተከፍተው፣ ሲጋራና ልጆች ርቀው ይሠራ።

ሦስት ቦታዎች አይሸፈኑ። በኋላ ወንበር ሥር ባለው የመካከል ጎድን ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል፤ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርቡ መታየት አለበት። ከእርሱ አጠገብ ያለው ትንሽ ክዳን የማርሹ ዘንግ መገጣጠሚያ የሚከፈትበት ነው፤ በላዩ ላይ ተነሺ ቁራጭ ብቻ ያስቀምጡ። ሦስተኛው የባትሪው ዙሪያ ነው፤ እዚያ አሉሚኒየም ፈጽሞ አይግባ፤ ባዶ ጎማ ብቻ ይሁን።

ወለሉና የኋላው ግድግዳ

ወለሉ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ፎም፣ ከላዩ የጎማ ምንጣፉ ይነጠፋል። ሁለቱም አይጣበቁ፤ ክብደታቸው ይይዛቸዋል፤ ውኃ ቢገባም አንስተው ማድረቅ ይችላሉ። በወንበሮቹ ሐዲድ ሥር ምንም አያስገቡ። የቮልስ ፔዳሎች ከወለል የሚነሱ ስለሆኑ በእነርሱ ሥር ስስ ጎማ ብቻ ያኑሩ፤ ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን እስከ መጨረሻ ረግጠው ምንም እንደማይነኩ በእጅዎ ጭምር ያረጋግጡ።

በገንዘብዎ አንድ ቦታ ብቻ መሥራት የሚችሉ ከሆነ ግን ወለሉን ትተው የኋላውን ግድግዳ ይሥሩ። ከወንበሩ ጀርባ ያለው የዕቃ ማስቀመጫና ከሥሩ እስከ ማርሽ ሳጥኑ የሚወርደው ላሜራ ከሞተሩ የሚለይዎት ብቸኛው ነገር ነው። እዚያ ላይ ማፈኛውን ከግማሽ በላይ ይሸፍኑ፤ ቀጥሎ ፎሙን፣ ቀጥሎ የጎማ ምንጣፉን ከአንድ ወጥ ቁራጭ ቆርጠው ጠርዙ ከአካሉ ጋር ያለ ክፍተት እንዲገጥም ያድርጉ፤ በመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ባና ከላዩ አልብሰው በሞኬት ይዝጉት። እዚህ ሦስቱም ዕቃዎች በትክክለኛ ቦታቸው ስለሚውሉ የፋኑ ፉጨትም የሞተሩ ጉምጉምታም የሚሸነፈው በዚህ ቦታ ነው። ሰፊ የዕቃ ቦታ ለሚፈልግ ሰው ሦስት ሴንቲ ሜትር መጥፋቱ ይከብደዋል፤ ለእኔ ግን የሚገባ ክፍያ ነው።

በሮችና ጣሪያ

የበሩን ሽፋን ሲያነሱ ውጭኛው ላሜራ በትልልቆቹ ቀዳዳዎች በኩል ይታያል። መካከሉ ላይ ሁለት የመጽሐፍ ገጽ የሚያህሉ ቁራጮች ይበቃሉ፤ በሩ ሲዘጋ ድምፁ ወዲያውኑ ይለወጣል። በበሩ ውስጥ ውኃ መውረዱ የተለመደ ስለሆነ ሱፍም ስፖንጅም አይግባ፤ ከታች ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ክፍት ይሁኑ፤ ሽፋኑን ከመመለስዎ በፊት ወፍራም ላስቲክ ዙሪያውን አጣብቀው ይጋርዱት። መስታወቱን ሙሉ በሙሉ አውርደው ካልነካ ብቻ ይዝጉ።

ጣሪያው ላይ የምለው አጭር ነው። የፋብሪካው የጣሪያ ጨርቅ ደህና ከሆነ ለዚህ ሥራ ብለው አያውርዱት፤ መልሶ መወጠሩ ከባድ ሙያ ነው። በሌላ ምክንያት ከወረደ ግን ቀላል ማፈኛ መሃሉ ላይ ይለጥፉ፤ የዝናቡ ጩኸት ይቀንሳል።

የሞተሩ ክፍል

ብዙ ሰው እዚህ ይጀምራል፤ እኔ እንዲያውም ባይነካ እመርጣለሁ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከኋላ መስታወቱ ሥር ባሉት ክፍተቶች ገብቶ ፋኑ በሚስበው አየር ብቻ ነው። በማስቲሽ የተለጠፈ ስፖንጅ በሙቀቱ ለቆ ከወደቀ ፋኑ ውስጥ ይገባል፤ አየሩን ይዘጋል፤ ሞተሩም ሳያስጠነቅቅ ይጋያል። ነዳጅ የነካው ስፖንጅ ደግሞ የእሳት ማገዶ ነው። የፋብሪካው ጠንካራ የሬንጅ ካርቶን ከጠፋ እርሱን የሚመስል ጠንካራ ሰሌዳ ቆርጠው በብረት መያዣዎቹ ያሰሩት፤ በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ነገር አይኑር። ከዚህ ይልቅ በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ጎማ ይቀይሩ፤ ከታች የሚመጣውን የማርሚታ ድምፅና ሙቅ አየር ስለሚያግድ ሞተሩን በማቀዝቀዝም በጸጥታም ይከፍልዎታል።

መመለስና መፈተሽ

ሁሉንም ከመመለስዎ በፊት በባዶው፣ የሾፌሩ ወንበር ብቻ ተገጥሞ፣ ያንኑ መንገድ በዚያው ፍጥነት ይንዱና ይለኩ፤ ያልተዘጋ ቀዳዳ ካለ አሁን ይሰማል፤ ማግኘቱም አሁን ቀላል ነው። የ3 ዴሲቤል ልዩነት በጆሮ ገና መታወቅ የሚጀምር ነው፤ 10 ዴሲቤል ከቀነሰ ድምፁ በግማሽ የቀነሰ ያህል ይሰማዎታል። የጨመሩት ክብደት በጠቅላላው ከ30 ኪሎ ግራም ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ለዚያ ሞተር ዳገት ላይ ሌላ ልጅ እንደ መጫን ነውና። የባትሪውን ክዳን ሳይገጥሙ የኋላ ወንበሩን አይመልሱ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከዘነበ በማግስቱ ሞኬቱንና ጎማውን ከአራቱም ማዕዘን አንስተው ላሜራውን በደረቅ እጅዎ ይዳስሱት፤ እርጥበት ካገኙ ውኃው የገባበትን ሳይዘጉ ፎሙን አይመልሱ።